ወፍ እንዳገሯ፤ ከተጣለ ዕቃ ስለሚሠራ የወፍ ገበታና ስለ ስጦታነቱ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ መሣሪያ እጥረትና ስለ መምህሩ ኑሮ ሲመክር በዋለ ጉባኤ ፊት ስለ ወፍ ገበታ ለመናገር መነሣት የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ ሊታይ እንደሚችል እገነዘባለሁ። የሆነ ሆኖ የተሰጠኝ ርእሰ ነገር ይኸው ነው። ባሰብሁበት መጠን ደግሞ ሦስት የሥራችን ጉዳዮች በአንድነት ተጠምረውበት አገኘኋቸው። እነርሱም ልጆቻችን በእጃቸው መሥራትን የሚማሩበት መንገድ፣ በየመንደሩና በየወንዙ ዳር የሚጣለው ፕላስቲክና ቆርቆሮ፣ እንዲሁም የጌዴኦ ምድር ዛፎችና ወፎች ዕጣ ናቸው። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የወፍ ገበታ ስል በዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በቤት ታዛ ተንጠልጥሎ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ ወይም ውኃ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ማለቴ ነው። ከተጣለ ጠርሙስ፣ ከጣሳ፣ ከቅል ወይም ከገል ሊሠራ ይችላል። አንድ ተማሪ ሠርቶ ለአያቱ፣ ለጎረቤቱ ወይም ለመምህሩ ቢያበረክተው የሚያወጣው ገንዘብ የለም። ጥያቄው እንዲህ ያለው ሥራ ለእኛ አገር ይስማማል ወይ፣ የሚስማማ ከሆነስ በምን መልክ የሚለው ነው።

1. በእጅ ስለ ተሠራ ስጦታ

ስጦታን በገንዘብ ከሱቅ መግዛት በአገራችን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። በዘመን መለወጫ ዕለት ወንዶች ልጆች በቀለም ያስጌጡትን ሥዕል ይዘው ከደጅ ደጅ ሲዞሩ፣ ሴቶች ልጆች ደግሞ አደይ አበባና ቄጠማ ታቅፈው ሲያበረክቱ አይተን አድገናል። በጎጃምና በጎንደር በዋዜማው ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ። ከእነዚህ ስጦታዎች አንዱም በገበያ ዋጋ አይተመንም፤ ተቀባዩ የሚያየው የልጁን ድካምና የወቅቱን መልክ ነው። በጌዴኦም ዘንድ በጥር ወር የሚከበረው የደራሮ በዓል የምስጋና በዓል ሲሆን፣ ሕዝቡ ከምድሩ በረከት ስጦታ ይዞ ወደ አባ ገዳው ይቀርባል።

እንግዲህ ከእጅ ሥራ የተገኘ ስጦታ ማለት ለእኛ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ ሊሆን የሚችለው ስጦታው ሁለት ተቀባይ ያለው መሆኑ ነው። አያት ከልጅ ልጃቸው እጅ ይቀበላሉ፤ ወፎችም ከአያት ግቢ ይቀበላሉ። ሰጪው ልጅ በየሳምንቱ እየተመለሰ ሊጠብቀውና ሊያጸዳው የሚገባው ስጦታም ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀን ምስጋና አያበቃም። ይህን ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ።

2. ስለ ተጣለው ዕቃ

ኢትዮጵያዊ ዕቃን እንደ ዋዛ ይጥላል ብሎ የሚናገር ሰው «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚጣራውን ሰው ድምፅ ያልሰማ መሆን አለበት። ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የዛገ ብረት፣ ሁሉም በቆራሌው ጆንያ ገብቶ ወደ ገበያ ይመለሳል። በአዲስ አበባ መርካቶ ለብዙ ዘመን ስሙ የታወቀው ምናለሽ ተራ የዚህ ጥበብ ዋና ስፍራ ሆኖ ኖሯል። በዚያ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳ ኩራዝ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማም እየተቆረጠ በርባሶ ጫማ መሆኑን የማያውቅ የለም። መልሶ መጠቀም የሚለውን ቃል ከመማራችን በፊት ግብሩን እናውቀው ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ለውጥ መጥቷል። የቀድሞው ጥራጊ ብረት፣ ገል፣ ጨርቅና ቅጠል ነበር፤ የዛሬው በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። የታሸገ ውኃ መጠጣት ከተለመደ ወዲህ ሕዝቡ በመጀመሪያው ፋብሪካ የንግድ ስም «ሃይላንድ» ብሎ የሚጠራው ጠርሙስ ከዲላ የመናኸሪያ ጎዳና እስከ ገጠር ቡና እርሻ ድረስ ደርሷል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን ለመቆጣጠር ድንጋጌ ያወጣ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕግ መውጣቱ መልካም ነው። አንድ ክፍል ተማሪ አርባ ጠርሙስ ወደ ወፍ ገበታ ቢለውጥ የከተማው ቆሻሻ ጎደለ ብዬ ግን አላታልላችሁም። ጥቅሙ በሚዛን የሚለካ ሳይሆን፣ ልጁ ጠርሙሱን ከመወርወሩ በፊት በእጁ አገላብጦ «ይህ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረጉ ላይ ነው።

3. ምድሩ ራሱ ገበታ ስለ ሆነበት አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ተጉዞ ዲላ የደረሰ እንግዳ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ያለውን ተራራ ሲያይ ደን ያየ ይመስለዋል። ደን የመሰለው ግን የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ኮርችና ሾላ ጥላቸውን ዘርግተዋል። ከእነርሱ ሥር እንሰት ቆሟል፤ ከእንሰቱ ጋር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመኑና ቅመማ ቅመሙ ይገኛል። ይህን ያህል ብዙ ሕዝብ በጠባብ ተዳፋት ምድር ላይ ዛፉን ሳይጨርስ መኖር የቻለው በዚህ የአስተራረስ ጥበብ ነው። የጥንት ትክል ድንጋዮችና በሽማግሌዎች የሚጠበቁ የተከበሩ ደኖችም በዚሁ ምድር አሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር።

ለወፍ ይህ ምን ማለት ነው? የዋንዛ ፍሬ ሲበስል ጣፋጭ ነው፤ ሰውም ወፍም ይበላዋል። ሾላ ባፈራ ጊዜ ትልቅ መንቁር ያላቸው ወፎች፣ እርግቦችና ክንፋቸውን ሲዘረጉ ደማቅ ቀይ የሚታይባቸው ረጅም ጅራት ያላቸው ወፎች ይሰበሰቡበታል። ኮርች ቀይ አበባውን ሲያወጣ ቀጭን ቆልማማ መንቁር ያላቸው አበባ ቀሳሚዎች ይከቡታል። በቡናው ሥር በወደቀው ቅጠል መካከል ደግሞ ትል ለቃሚዎች ይውላሉ። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ብዙዎቹ እንዲህ ባለ የተደራረበ እርሻ ውስጥ መጠለያ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጥላ ቡና እርሻ ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናትም የደን ወፎች በጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ውስጥ በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል።

ወፉም ውለታውን ይመልሳል። በኮስታ ሪካ የቡና እርሻዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ነፍሳት በል ወፎች የቡና ፍሬን በስቶ የሚገባውን ትንሽ ጥንዚዛ ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ቡና የአገር ገቢ፣ ይርጋ ጨፌም በዓለም ገበያ የታወቀ ስም በሆነበት ዞን ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ግልጽ ነው። በጌዴኦ ከሁሉ የሚበልጠው የወፍ ገበታ ዛፉ ነው። ጥላ ዛፍ ተቆርጦ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ብቻ በተተከለበት ግቢ መቶ ጠርሙስ ቢንጠለጠል የዋንዛውን ቦታ አይተካም። የወፍ ገበታ የምንሠራ ከሆነ ከዛፉ ጋር እንጂ በዛፉ ፋንታ መሆን የለበትም።

4. ገበታው ከወዴት መጣ? ኑጋችንስ ወዴት ሄደ?

ወፍን በዕቃ አድርጎ የማብላት ልማድ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋው ከክረምታቸው የተነሣ ነው። ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን ወፉ የሚለቅመው ያጣል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 መካከል በነበረው ከባድ ክረምት ጋዜጦች ሕዝቡ ፍርፋሪ እንዲያወጣ ይቀሰቅሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ልማዱ ወደ ትልቅ ንግድ ተለወጠ።

በዚህ ንግድ ውስጥ እኛም ሳናውቀው ድርሻ አለን። በአሜሪካ ጓሮዎች ቢጫ ወፎችን ለመሳብ በቀጭን ወንፊት መሰል ቱቦ ውስጥ የሚንጠለጠለው ጥቁር ቀጭን ዘር የእኛው ኑግ ነው። ኑግ የተገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ምድር ሲሆን፣ እኛ ለዘይትና ለመጠጥ የምንጠቀምበትን እነርሱ ለወፍ ይገዙታል። ኢትዮጵያና ሕንድ ከሻጮቹ መካከል ናቸው። ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግ ከጥገኛ አረም ዘር ነጻ እንዲሆንና እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል። ተማሪዎቻችን ይህን ቢያውቁ የጂኦግራፊና የንግድ ትምህርት በአንዲት ፍሬ ውስጥ ያገኛሉ።

ነገር ግን ምክንያቱ በረዶ ከሆነ፣ በረዶ በሌለበት ዲላ ገበታው ለምን ያስፈልጋል? «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባላል፤ ገበታዋም እንዳገሯ ሊሆን ይገባል። በእኛ አገር ወፍን የሚያስጨንቃት የበረዶ ወራት ሳይሆን የበጋው ድርቅ ነው። ከኅዳር በኋላ ዝናቡ ሲቀንስ፣ ምንጩ ሲጎድልና የመንደሩ ኩሬ ሲደርቅ ከእህል ይልቅ ውኃ ይቸግራል። ይህን አበው ሳያስተውሉት አልቀሩም። በአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው አንዲት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ እናያለን። ለተጠማች ወፍ የተሰጠው ውኃ እንጂ ጥራጥሬ አልነበረም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለጌዴኦና ለመላው አገራችን የሚስማማው የመጀመሪያው የወፍ ገበታ የውኃ ሳሕን ነው። ሁለተኛው የፍራፍሬ ማንጠልጠያ፣ የመጨረሻው የጥራጥሬ ጠርሙስ ነው።

5. ስለ አሠራሩ

ሀ) የውኃ ሳሕን። ከተሰበረ እንስራ ወይም ጋን የተረፈ ሰፊ ገል ከሁሉ ይመረጣል፤ ሸካራ ስለ ሆነ የወፍ እግር አያንሸራትትም። ገል ከታጣ የቀለም ያልሆነ የጣሳ ክዳን ወይም የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ታች ሊቆረጥ ይችላል። ጥልቀቱ ከአራት ጣት መብለጥ የለበትም። በመካከሉ ወፏ የምትቆምበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥበታል። በሦስት የእንሰት ቃጫ ገመድ ታስሮ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ድመት ዘልላ ከማትደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ቃጫው በጌዴኦ ከየቤቱ የማይጠፋ፣ ጠንካራና ሲያረጅም ወደ አፈር የሚመለስ በመሆኑ ከናይሎን ሲባጎ ይሻላል። የተበጠሰ ናይሎን የወፍ እግር ይጠልፋል።

ለ) የፍራፍሬ ማንጠልጠያ። ዲላ የሙዝ፣ የአቮካዶ፣ የማንጎና የአናናስ ገበያ ናት። በልዞ የማይሸጠው ፍሬ በየቀኑ ይጣላል። ከአሮጌ ሽቦ የተሠራ ቀለበት ላይ ግማሽ ሙዝ ወይም የፓፓያ ቁራጭ ቢሰካ ፍሬ በል ወፎች፣ በተለይም በቡድን የሚሄዱት ባለ ረጅም ጅራት ቡናማ ወፎች ወዲያው ያገኙታል። የሽቦው ጫፍ በጉጠት ወደ ውስጥ ተቆልምሞ መታጠፍ አለበት። ፍሬው በሁለተኛው ቀን ይለወጣል።

ሐ) የጥራጥሬ ጠርሙስ። አንድ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ሃይላንድ ተወስዶ በታችኛው በኩል ሁለት ትይዩ ቀዳዳዎች ይበሱና አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በመካከሉ ይሾልካል፤ ይህ ማረፊያ ነው። ከማረፊያው በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ጥራጥሬው ይፈስሳል። በታችኛው መቀመጫ ላይ ውኃ የሚያወጡ አራት ወይም አምስት የመርፌ ቀዳዳዎች ይበሱ፤ የረጠበ እህል ይሻግታልና። ከላይ ክዳኑ ተጠብቆ ከአንገቱ ታስሮ ይንጠለጠላል። ለመብሻ የጋለ ምስማር ቢያስፈልግ ምስማሩን የሚይዘው መምህሩ ይሁን፤ ሥራውም አየር በሚነፍስበት ውጭ ቦታ ይሠራ፤ የፕላስቲክ ጭስ ለሳንባ አይበጅም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አጥብቄ አሳስባለሁ። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የአረም ማጥፊያ፣ የቀለም ወይም የነዳጅ ዕቃ በምንም ዓይነት ለዚህ ሥራ አይውልም። ቢታጠብም አይውልም። ቡናና ጫት በሚመረትበት አካባቢ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር መገኘቱ የተለመደ ነው። ልጆች ዕቃ ሰብስበው ሲመጡ መምህሩ አንድ በአንድ አይቶና ምንነቱን ጠይቆ መቀበል ግዴታው ነው።

6. ስለሚያስከትለው ጉዳት

በጎ ሐሳብ ብቻውን በጎ ፍሬ አያፈራም። ወፎች በአንድ ዕቃ ላይ በተሰበሰቡ ቁጥር በሽታ ይተላለፋል። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ የጓሮ ወፍ ዓይነት ላይ የታየ የዓይን በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰፊው ተዛምቷል። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ግሪንፊንች የተባለችው ወፍ በጉሮሮ በሽታ አልቃ ቁጥሯ እጅግ ቀንሷል። በሁለቱም ለመዛመቱ አንዱ ምክንያት የማይጸዳ ገበታ ሆኖ ተገኝቷል። ልጆቹ ያወጡት እህል ወፉን የጠቀመ ሲመስላቸው ሊገድለው ይችላል ማለት ነው።

በእኛ አገር ሁለት ተጨማሪ ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የዶሮ ነገር ነው። ፈንግል አንድ ጊዜ ከገባ የአንዲት እናት የዶሮ ቆጥ በአንድ ሳምንት ባዶ ሊሆን እንደሚችል የገጠር ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ገበታው ከዶሮ ቤት ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ የፈሰሰው ጥራጥሬም ዶሮዎች እንዳይለቅሙት ይጠረግ። ሁለተኛው የወባ ነገር ነው። የወባ ትንኝ በቆመ ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ ከዕንቁላል እስከ በራሪ ትንኝነት ለመድረስ ከሳምንት ያላነሰ ጊዜ ያስፈልጋታል። በተለይም እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃ መራባትን የለመደች ናት። የውኃ ሳሕኑ በየቀኑ ተደፍቶ፣ በገለባ ተፈግፍጎ በአዲስ ውኃ ከተሞላ አደጋው አይኖርም። ካልተደፋ ግን ለወፍ ብለን ለትንኝ ቤት ሠራን ማለት ነው።

ቀደም ብዬ ኋላ እመለስበታለሁ ያልሁት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ይህን ስጦታ የሚሰጥ ልጅ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን ጭምር ይሰጣል። ዕለት ዕለት ውኃ የሚለውጥ ከሌለ ገበታው ይወርዳል እንጂ ተሰቅሎ አይተውም። የማይጠብቁትን ገበታ አለመስጠት ይሻላል።

7. ስለ ማማውና ስለ ወንጭፉ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እደርሳለሁ። በአገራችን ልጅና ወፍ የሚተዋወቁት በጠላትነት ነው። ማሽላ በሚዘራበት አገር ልጅ በማማ ላይ ተሰቅሎ ወፍ ሲያባርር ይውላል፤ በቤትም ስጥ ሲሰጣ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። የግሪሳ መንጋ በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ላይ ሲያርፍ የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ሊያጠፋ መቻሉ እውነት ነው። በዚህ ላይ ረኀብን በዓይኑ ያየ ሕዝብ አለን። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት መቶ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው በትምህርት ቤቶችና በመጠለያዎች አድረዋል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ «ለወፍ እህል አውጡ» ብሎ መምህር ሲያስተምር አንድ ወላጅ «ሰው ሳይጠግብ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሰው አፍ ተነጥቆ ለወፍ የሚሰጥ እህል እንዳይኖር። ውኃ፣ የበለዘ ፍሬና ከወንፊት የቀረ ግርድ ይበቃል። ጥራጥሬውን በመጨረሻ ደረጃ ያስቀመጥሁት ስለዚህ ነው። ለብዙዎቹ ወፎችም ጥራጥሬ አያሻቸውም፤ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነውና። ሁለተኛ፣ እህል የሚጠብቅ ልጅ ወፍ ለይቶ ቢያውቅ ለወላጁ የበለጠ ይጠቅማል። አሁን በልጁ ዘንድ ሁሉም «ወፍ» ነው፤ ማሽላ የሚጨርሰውም፣ ከቡናው ላይ ተባይ የሚለቅመውም፣ የዋንዛን ዘር ተሸክሞ በሌላ ማሳ የሚዘራውም በአንድ ድንጋይ ይመታል።

ልጆቻችን ባላ ያለውን ወንጭፍ የሚሠሩት ከመኪና ከመነዳሪ ቆርጠው ነው። የወፍ ገበታውን ከቅርንጫፍ ጋር አጥብቆ ለማሰርም የሚሻለው ያው ከመነዳሪ ነው። ጎማው አንድ፣ እጁም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በመካከል መምህር ገብቶ አማራጭ ማሳየቱ ወይም አለማሳየቱ ነው። ወንጭፍ በመከልከል ብቻ ወንጭፍ የተወ ልጅ ብዙ አይገኝም። በእጁ የሠራው ሳሕን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍ ስትጠጣ ያየ ልጅ ግን ጓደኛው ድንጋይ ሲያነሣ ዝም ብሎ ማየት ይከብደዋል። የምንፈልገውም ልጁ ይህችን ወፍ «የእኔ» ብሎ እንዲቆጥራት ነው።

8. ማሳሰቢያ

ከዚህ በላይ የተናገርሁትን ወደ ተግባር ለመለወጥ ለማኅበራችን አባላት አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በእጅ ሥራና በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከኅዳር ወር ጀምሮ የውኃ ሳሕን እንዲሠራና ለደራሮ በዓል ወይም ለገና በስጦታነት እንዲደርስ። ወቅቱ የበጋ መግቢያ ስለ ሆነ ስጦታው በሚፈለግበት ጊዜ ይደርሳል። የጥራጥሬ ጠርሙሱ በትምህርት ቤት ግቢ ለመማሪያ አንድ ወይም ሁለት ቢሰቀል ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ስጦታ ጋር ተማሪው በእጁ የጻፈው አጭር ወረቀት አብሮ እንዲሰጥ። ወረቀቱ «ውኃውን በየቀኑ ይለውጡ፤ ከዶሮ ቤት ያርቁት፤ የታመመ ወፍ ካዩ ለሁለት ሳምንት ያውርዱት» ይበል። አያት ማንበብ ባይችሉ ልጁ ያነብላቸዋል፤ ያም ራሱ አንድ ጥቅም ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ የወፍ መዝገብ ይያዝ። ቀን፣ ሰዓት፣ የመጣችው ወፍ መልክ፣ የመንቁሯ ቅርጽና የምትበላው ነገር ይጻፍበት። አረጋውያን ለወፏ የሚሰጧት የጌዴኦኛ ስም ካለ እርሱም ይመዝገብ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 የአገሪቱን ዋና ዋና የወፍ ስፍራዎች ቆጥሮ 69 ቦታዎችን በመጽሐፍ ሲያወጣ ሥራው በብዙ ሰዎች ዓይን የተደገፈ ነበር። የትምህርት ቤት መዝገብ ከዓመት ወደ ዓመት ቢጠበቅ ለዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም መነሻ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ከአምስት ሳሕን ጋር አንድ የዋንዛ ወይም የሾላ ችግኝ አብሮ እንዲሰጥ። ጠርሙሱ በሁለት ዓመት ውስጥ በፀሐይ ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ ገሉም አንድ ቀን ይሰበራል። በዚያን ጊዜ ዛፉ ማፍራት እንዲጀምር ከዛሬ መተከል አለበት። የተሰነጠቀው ጠርሙስም ተመልሶ ወደ ቆራሌው ጆንያ እንጂ ወደ ወንዝ እንዳይገባ ልጁ አስቀድሞ ይነገረው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

የጌዴኦ አባቶችና እናቶች ያለ መጽሐፍና ያለ ደመወዝ ይህን የመሰለ ምድር ጠብቀው አቆይተውልናል። ዓለም ቅርስ ነው ብሎ መዝግቦታል፤ መዝገብ ግን ዛፍ ከመቆረጥ አያድንም። የሚያድነው በዚያ ጓሮ ውስጥ የሚያድገው ልጅ ዛፉን፣ ቡናውንና ወፉን እንደ አንድ ቤት ሰው ሲቆጥራቸው ነው። ከእኛ የሚጠበቀው እንዲህ ያለውን ልጅ ማውጣት ነው፤ ለዚህም አንድ ገል፣ ሦስት ክንድ ቃጫና አንድ ጣሳ ውኃ ለመነሻ ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ።